ከማሊያው ሥር ያለችው ካኔተራ

ደብዳቤህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ተመሳሳይ ጥያቄ ያላቸው ሌሎች ወጣቶችም እንዲጠቀሙበት ስምህንና ክለብህን ትቼ ፍሬ ነገሩን ላስቀምጥ። 21 ዓመትህ ነው። በፕሪሚየር ሊግ ክለብ ውስጥ የመስመር ተጫዋች ነህ፤ ውልህ ሊያልቅ አንድ የውድድር ዓመት ቀርቶታል። እናትህና ሁለት ታናናሽ እህቶችህ የሚተዳደሩት አንተ በምትልከው ገንዘብ ነው። አብሮህ ያደገው የአጎትህ ልጅ ክስ ሳይመሠረትበት ከታሰረ ስምንት ወር ሆኖታል። አንተም ነጭ ካኔተራ ላይ ስለ እርሱ አንድ መስመር ጽፈሃል፤ በቴሌቪዥን በሚተላለፍ ጨዋታ ጎል ባገባህ ቀን ማሊያህን ገልበህ ልታሳያት አስበሃል። አንዱ ጓደኛህ «ኳስ ተጫዋችን ፖለቲካ ምን አገባው?» ይልሃል። ሌላው «ዝም ካልክ ከአሳሪዎቹ በምን ትለያለህ?» ይልሃል። እኔን የጠየቅኸኝ ደግሞ «ሙያዬን ያበላሽብኛል ወይ?» ብለህ ነው።

አዎ፣ ሊያበላሽብህ ይችላል። ይህን አለሳልሼ ብነግርህ መካሪህ ልሆን አልችልም። ነገር ግን የመጀመሪያው ጓደኛህ ተሳስቷል። ኳስ ተጫዋች ዜጋ ነው፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 29 ሐሳብን የመግለጽ መብት ሲሰጥ «ማሊያ ከለበሰ በስተቀር» አላለም። ሁለተኛውም ጓደኛህ ተሳስቷል፤ አንተ የምትከፍለውን ዋጋ እርሱ ሆኖ ሊወስንልህ አይችልም። ስለዚህ «ልናገር ወይስ ዝም ልበል» የሚለውን ላንተው ልተወውና «እንዴት፣ መቼ፣ ከማን ጋር» የሚለውን እንነጋገር። ብዙ ተጫዋች የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነውና።

ከካኔተራዋ ልጀምር። በጨዋታ ሕጉ መሠረት ጎል አግብቶ ማሊያውን ያወለቀ ወይም በማሊያው ራሱን የሸፈነ ቢጫ ካርድ ያያል። ጎሉ ቢሻርም ካርዱ አይሻርም። ከውስጥ በሚለበስ ልብስ ላይ ፖለቲካዊ፣ ሃይማኖታዊ ወይም የግል መልእክት ማሳየት ደግሞ ለብቻው የተከለከለ ነው። ተጫዋቹን ብቻ ሳይሆን ቡድኑንም ሊያስቀጣ ይችላል። ስለዚህ ጓደኞችህ ሳያውቁ፣ ሳይማከሩ፣ የእነርሱንም ስም በአንተ እጅ አስገባህ ማለት ነው። አስበው፤ ጎሉን ያቀበለህ ልጅ ሊያቅፍህ እየሮጠ ሲመጣ በካሜራው ውስጥ አብሮህ ይገባል። እርሱም ቤተሰብ አለው።

ይህን ስታስብ አርአያ ያደረግኸው ፈይሳ ሌሊሳን እንደሆነ ጽፈሃል። ይገባኛል። እ.አ.አ. ኦገስት 21 ቀን 2016 በሪዮ ማራቶን በ2 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ከ54 ሰከንድ ሁለተኛ ሆኖ ሲገባ ሁለት እጆቹን ከራሱ በላይ ያጣመረበትን ቅጽበት ያየ አይረሳውም። በኦሮሞ ሕዝብ ላይ ይደርስ የነበረውን ግድያና እስር ለዓለም አሳየ። ነገር ግን ከዚያ በኋላ ያለውንም ቁጠር። ወደ አገሩ አልተመለሰም። ባለቤቱንና ልጆቹን አሜሪካ ሆኖ የተቀበላቸው በፌብሩዋሪ 2017 ነው። ወደ ኢትዮጵያ የተመለሰው በኦክቶበር 2018 ነው፤ ያውም የአገሪቱ አመራር ተቀይሮ ጥሪ ከተደረገለት በኋላ።

በእርሱና በአንተ መካከል ያለውን ልዩነት ደግሞ ማንም የነገረህ አይመስለኝም። የሯጭ ሙያ እግሩ ውስጥ ነው። በተሰደደበት አገር ጎህ ሲቀድ ተነስቶ መሮጥ ይችላል፤ ውድድር ሲያገኝ ይገባል፤ ሰዓቱ ይመሰክርለታል። የአንተ ሙያ ግን ያለ ሌሎች ሰዎች ፊርማ የለም። ክለብ ካላስፈረመህ ኳስ ተጫዋች አይደለህም፤ ኳስ የሚችል ሰው ነህ። አሰልጣኝ ካላሰለፈህ የሚያይህ የለም። ወደ ውጭ ልትዘዋወር ብትፈልግ የምትለቀው አገር ፌዴሬሽን ለአዲሱ ፌዴሬሽን ዓለም አቀፍ የዝውውር ሰርተፍኬት መላክ አለበት። በእርግጥ ሰርተፍኬቱ በጊዜው ካልተላከ ተጫዋቹን የመመዝገቢያ መንገድ በፊፋ ደንብ አለ። ግን የዝውውር መስኮት ክፍት የሚሆነው ለተወሰኑ ሳምንታት ነው፤ ጉዳዩ እስኪያልቅ መስኮቱ ቢዘጋ ግማሽ ዓመት አለፈ ማለት ነው።

በዚህ ረገድ ከሁሉ በላይ ልታውቀው የሚገባህ የበርማውን (የማያንማሩን) በረኛ የፕዬ ልያን አውንግን ታሪክ ነው። የበርማ ጦር በፌብሩዋሪ 2021 ሥልጣን ከያዘ በኋላ ብሔራዊ ቡድኑ ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ ጃፓን ሄደ። ብዙ ተጫዋቾች ለቡድኑ አንጫወትም ብለው ቀርተው ነበር፤ እርሱ ግን ሄደ። ሜይ 28 ቀን ቺባ ከተማ ውስጥ፣ ከተቀያሪዎች ጋር ተሰልፎ መዝሙሩ ሲዘመር፣ የጦሩ ተቃዋሚዎች ምልክት የሆኑትን ሦስት ጣቶች ቀና አደረገ። በጣቶቹ ላይ ፍትሕ እንፈልጋለን የሚል ጽፎባቸው ነበር። ቡድኑ በዚያ ቀን 10 ለ 0 ተሸነፈ፤ የተወራው ግን ስለ ጣቶቹ ነው። ጁን 16 ቡድኑ ወደ አገሩ ሊመለስ በካንሳይ አውሮፕላን ማረፊያ ሳለ ለኢሚግሬሽን ሠራተኞቹ አልመለስም አላቸው። ኦገስት ላይ የስደተኝነት ፈቃድ አገኘ። ጃፓን ጥቂት ሰው ብቻ የምትቀበል አገር መሆኗን ስታስብ ይህ ትልቅ ዕድል ነው። ዮኮሃማ ውስጥ አንድ የሦስተኛ ዲቪዚዮን ክለብ አብሮ እንዲሠለጥን ተቀበለው። ነገር ግን ብሔራዊ ቡድን የደረሰ በረኛ የነበረው ሰው ከዚያ በኋላ መንገዱ ወደ ፉትሳል ዞረ። አገር አለው፣ ሕይወቱ ተርፏል፣ ያደረገውም ትክክል ነው ብዬ አምናለሁ። የነበረው ሙያ ግን እንደነበረ አልተመለሰለትም።

ሌላም ልብ የምትለው ነገር አለ። ቅጣት ሁልጊዜ በቅጣት ስም አይመጣም። የአርሴናሉ አማካይ ሜሱት ኦዚል በዲሴምበር 2019 በቻይና ባሉት ኡይግሁር ሙስሊሞች ላይ ስለሚደርሰው በደል ጻፈ። አርሴናል ጽሑፉ የተጫዋቹ የግል አስተያየት ነው አለ። የቻይና መንግሥት ቴሌቪዥን ክለቡ ከማንችስተር ሲቲ ጋር ያደረገውን ጨዋታ ሳያስተላልፍ ቀረ። በኦክቶበር 2020 ኦዚል ከፕሪሚየር ሊግም ከዩሮፓ ሊግም የተጫዋቾች ዝርዝር ውጪ ሆነ፤ በጃንዋሪ 2021 ወደ ፌነርባቼ ሄደ። አሰልጣኙ ምክንያቱ የእግር ኳስ ነው አሉ። በመካከሉ በኮሮና ወቅት የደመወዝ ቅነሳውን አለመቀበሉም አለ፤ ስለዚህ በጽሑፉ ምክንያት ነው ብዬ አልፈርድም። የምልህ ይህን ነው፤ ተቀያሪ ወንበር ላይ ያስቀመጠህን ሰው «ለምን?» ብለህ ብትጠይቀው ሁልጊዜ የሚሰጥህ የእግር ኳስ መልስ አለው።

በግልጽ የተባረረም አለ። አንዋር ኤል ጋዚ የጀርመኑን ማይንዝ ክለብ በተቀላቀለ በሁለት ወር ውስጥ፣ በኖቬምበር 2023፣ ስለ ጋዛ በለጠፈው ጽሑፍ ምክንያት ውሉ ተቋረጠ። ፍርድ ቤት ሄደ። በጁላይ 2024 የማይንዝ የሠራተኛ ጉዳይ ፍርድ ቤት ስንብቱ አይጸናም አለና 1.7 ሚሊዮን ዩሮ ገደማ እንዲከፈለው ወሰነ። አሸነፈ ማለት ነው። ግን ወደ ካርዲፍ ሲቲ እስኪገባ ድረስ ዘጠኝ ወር ያህል ያለ ክለብ ቆይቷል፤ ያውም ሠራተኛን በሚጠብቅ ሕግ፣ በጥሩ ጠበቃና ተዘግቶ በማይቀር ፍርድ ቤት። እርሱን ያዳነው በእጁ የነበረው ውል ነው።

ስለ ውል ካነሳን፣ ከጥቂት ዓመታት በፊት ቢሮዬ የመጣ አንድ ተጫዋች አለ። ማኅበራዊ ገጹ ላይ ባሰፈረው ጽሑፍ ከልምምድ ታግዶ ነበር። ወረቀቶቹን ሁሉ በፌስታል ይዞ መጣና ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፋቸው። ሁለት ሜዳልያ፣ የሕክምና ማስረጃ፣ የቡድን ፎቶግራፎች፣ የስምንተኛ ክፍል ሰርተፍኬት። «ውልህስ?» አልኩት። «ክለቡ ጋ ነው» አለኝ። ሲፈርም አንድ ቅጂ እንኳን አልተሰጠውም ነበር፤ አልጠየቀምም። ለሦስት ወር ደመወዝ አልተከፈለውም፤ ስንት ሊከፈለው እንደሚገባ እንኳን ማሳየት አልቻልንም። ያንን ፌስታል ሲሰበስብ የእጁን መንቀጥቀጥ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

የምፈራልህ ግን ለአንተ ብቻ አይደለም። በፒኖቼ ዘመን ቺሌያዊው ካርሎስ ካስሴሊ፣ የአገሩ ኮከብ አጥቂ፣ አምባገነኑን አልጨብጥም አለ። እርሱን አልነኩትም፤ ዝናው ጠብቆታል። የተያዙትና የተሠቃዩት እናቱ ነበሩ። እ.አ.አ. በ1988 ፒኖቼ ይቀጥል አይቀጥል የሚለው ድምፀ ውሳኔ ሲደረግ አንዲት እናት በቴሌቪዥን ቀርበው የደረሰባቸውን ተናገሩ። ሲጨርሱ ካሜራው ካስሴሊን አሳየ፤ እኒህ ሴት እናቴ ናቸው አለ። ይህ እስኪነገር አሥራ አራት ዓመት ገደማ ቆየ ማለት ነው። ስለዚህ ልለምንህ፤ ካኔተራዋን ለእናትህ ሳታሳይ ለአገር አታሳይ። ዋጋውን ከሚከፍሉት አንዷ እርሳቸው ናቸው፤ የመወሰን መብት አላቸው። ምናልባት «አድርገው ልጄ» ይሉህ ይሆናል። ምናልባትም ያልነገሩህን ነገር ይነግሩህ ይሆናል።

አሁን የምመክርህን ልንገርህ። ካኔተራዋን አትጠቀም። ጎል ያገባ ሰው ራሱን አያውቅም፤ ደሙ ሞቆ የሚያደርገውን ነገር ከሳምንት በፊት አስቦ ወሰነ ማለት አይቻልም። ሕጉ በግልጽ የከለከለውን መንገድ ስትመርጥ ደግሞ ጉዳዩ ከአጎትህ ልጅ ወደ ዲሲፕሊን ኮሚቴ ይዞራል፤ ሰው ስለ እርሱ እስር ሳይሆን ስለ አንተ ቢጫ ካርድ ያወራል።

መናገር ካለብህ ብቻህን አትናገር። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባል የለ? በጁን 2020 የእንግሊዝ ፕሪሚየር ሊግ ከኮሮና ዕረፍት ሲመለስ የአስቶን ቪላና የሼፊልድ ዩናይትድ ተጫዋቾች ፊሽካው እንደተነፋ ዘረኝነትን በመቃወም በሙሉ ተንበረከኩ፤ ዳኛውም አብሯቸው ተንበረከከ። አስቀድመው ተነጋግረውበት ነበርና ማንም አልተቀጣም። ብዛት ግን ሁልጊዜ አይበቃም። በ2022 ኳታር ላይ ሰባት የአውሮፓ ቡድኖች አምበሎቻቸው ሊያደርጉት ያሰቡትን፣ አድልዎን የሚቃወም የክንድ መለያ ፊፋ በቢጫ ካርድ ሲያስፈራራቸው ተዉት። የኢራን ተጫዋቾችም በአገራቸው የተነሳውን ተቃውሞ በመደገፍ ከእንግሊዝ ጋር ሲጫወቱ መዝሙር ሳይዘምሩ ቆሙ፤ ከአራት ቀን በኋላ ከዌልስ ጋር ሲገናኙ ዘመሩ። በእነዚያ አራት ቀናት ምን እንዳለፈባቸው ሳስብ ልፈርድባቸው አልችልም። አንተም ከአምበልህ ጋር፣ ከምታምናቸው ሁለት ሦስት ነባር ተጫዋቾች ጋር ተነጋገር። አብረውህ የማይቆሙ ከሆነ ይህንንም አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

የአጎትህን ልጅ ጉዳይ ደግሞ በቀጥታ ያዘው። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት ይቅረብ ይላል። ቀርቦ ያውቃል? የጊዜ ቀጠሮ ተጠይቆበታል? ደብዳቤህ ውስጥ ይህ የለም። ያለ ፍርድ ቤት ትእዛዝ የተያዘ ከሆነ ጠበቃ ይዛችሁ አካልን ነፃ የማውጣት አቤቱታ ማቅረብ ትችላላችሁ። ለኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽንም አመልክቱ፤ ያመለከታችሁበትን ቀንና ቁጥር መዝግቡ። ለካኔተራዋ ያወጣኸውን ድፍረት ግማሹን ለዚህ ብታውለው ለእርሱ የሚቀርበው ይህኛው ይመስለኛል።

የሙያውን ነገር በተመለከተ ከአሁኑ ጀምር። የውልህን ቅጂ በፊርማና በማኅተም ጠይቅ፤ የሥነ ምግባር አንቀጹን ፈልገህ አንብብ፤ ፎቶ አንስተህ ለአንድ የምታምነው ሰው ላክ። ከፊርማ ገንዘብህ ቤተሰብህን ስድስት ወር የሚያቆይ ለብቻው አስቀምጥ። ሙከራ አገኝልሃለሁ ያለህ ወኪል የፊፋ ፈቃድ እንዳለው አጣራ፤ ፓስፖርትህን ለማንም አትስጥ። ያቋረጥከውን ትምህርት በማታ ቀጥል። ይህ ሁሉ ለፍርሃት አይደለም። ነገ ተነስተህ ለመናገር ብትወስን በረሃብ ተገደህ ቃልህን እንዳታጥፍ ነው።

ሐሙስ ከሰዓት ልምምድ እንደሌለህ ጽፈሃል። ከእናትህ ጋር ተነጋግረህ ያሉህን ንገረኝ፤ ውሉንም ይዘህ ና። አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን።