ከኮንትራክተር ዘመድ ጋር ሠርቶ መካፈል፦ የባሕር ዳር ጥያቄና መልስ

ቦታና ገንዘብ ያለው ሰው ኮንትራክተር ከሆነ ዘመዱ ጋር ቤት ሠርቶ ለመሸጥ ወይም ለማከራየት ሲያስብ ውሉን እንዴት ያዋቅር? ጠይቁ፤ በቁጥር የሚመለሰውን በቁጥር እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ሰባታሚት በኩል ቦታ አለኝ። የአጎቴ ልጅ «ቦታና ብር ካንተ፣ ሥራው ከእኔ፣ እኩል እንካፈላለን» ይለኛል። ልፈርም?

መልስ፦ በዚህ ቃል አትፈርም፤ «ሥራው» ስንት ብር እንደሆነ አልተነገረም። የአጎትህ ልጅ እዚህ ላይ ሁለት ቦታ ይቆማል፦ ዋጋ የሚከፈለው ሠሪም ነው፣ ትርፍ የሚካፈል ሸሪክም ነው። ስለዚህ ሁለት ውል ያስፈልጋችኋል፦ አንዱ የግንባታ፣ ሌላው የሽርክና። ለምሳሌ ቦታው 3 ሚሊዮን ተገመተ እንበል። ግንባታው የእሱን ትርፍ 600 ሺህ ጨምሮ 7 ሚሊዮን ነው። አንተ 5 ሚሊዮን፣ እሱ 1.4 ሚሊዮን በጥሬው ብታዋጡና 600 ሺውን ሳይወስድ ቢተወው፣ መዋጮው 2 ሚሊዮን ይሆናል። ከጠቅላላው 10 ሚሊዮን ድርሻው 20 በመቶ ነው።

ብዙ ቤተሰብ የተጋጨው እዚህ ነው፦ ያው 600 ሺህ በክፍያም ወጥቶ በድርሻም ይቆጠራል። የተወውም ትርፍ ገና ሲፈረም አይቆጠርለት፤ ሥራው እየተለካ፣ 30 በመቶ ሲደርስ 180 ሺህ እያለ ይመዝገብለት። አቋርጦ ቢሄድ የሠራውን ያህል ብቻ ይዞ ይወጣል።

ጥያቄ፦ ውጭ አገር ነኝ። ለአሠራር እንዲቀል ካርታው በወንድሜ ስም ይውጣ እያሉኝ ነው።

መልስ፦ እባክዎ ይህን አያድርጉ። በፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1195 መሠረት የባለቤትነት ማስረጃ በስሙ የተሰጠው ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል፤ ያንን ማፍረስ የእርስዎ ሸክም ይሆናል። ውክልናውንም ይገድቡት፦ ፈቃድ ማውጣት፣ መብራትና ውኃ ማስገባት ይችላል፤ መሸጥና ማስያዝ ግን አይጻፍበት። ቁጥር 2205 ለእነዚህ ልዩ ውክልና ይጠይቃል፤ ካልሰጡት የለውም።

ጥያቄ፦ የሚሠራው የእህቴ ባል ነው። «ሲሚንቶው በዛ» ብል ቅር ይለዋል፤ እንዴት ልቆጣጠር?

መልስ፦ በልኬት ተነጋገሩ፣ ያኔ ማንም አይቀየምም። ሲ-25 (የጥንካሬ ደረጃው ነው) ኮንክሪት በሜትር ኩብ 3.6 ኩንታል ያህል፣ ማለትም ባለ 50 ኪሎ 7 ከረጢት ግድም ይበላል። 40 በ20 ብሎኬት በካሬ 12.5 ነው፤ 200 ካሬ ግድግዳ 2,500 ይፈልጋል፣ ለስብራት 5 በመቶ ቢጨመር 2,625። ባለ 12 ብረት አንድ ቤርጋ (12 ሜትር) 10.66 ኪሎ፣ ባለ 16 ደግሞ 18.96 ኪሎ ይመዝናል። ጥቂት ቤርጋ መዝኚ፤ ጉልህ ጉድለት ካለ ብረቱ ቀጭን ነው። ሲሚንቶና ብረት በሁለት ፊርማ ከሚንቀሳቀስ ሒሳብ ይገዛ፣ ክፍያው በቀጥታ ለሻጩ ይሂድ። ተቆጣጣሪ መሐንዲሱን የምትቀጥሪው አንቺ ነሽ።

ጥያቄ፦ ሐይቁ አጠገብ ነው ቦታችን፤ መሠረት ላይ ተጨማሪ ወጪ ቢመጣ ማን ይሸከማል?

መልስ፦ መረሬ አፈር በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ይሰነጠቃል፤ ወደ ጣና ሲጠጉ ደግሞ ውኃው ቅርብ ነው። ስለዚህ የአፈር ምርመራ ከዋጋ ስምምነት በፊት ይደረግ። የመሠረት ቁፋሮና ሙሌት በጥቅል ዋጋ አይግባ፤ የሜትር ኩቡ ዋጋ ይጻፍና በተለካው ይከፈል። 200 ካሬ ላይ በ1.5 ሜትር የታሰበው ቁፋሮ 2.5 ሜትር ቢደርስ 200 ሜትር ኩብ ይጨምራል። ያንን በገረጋንቲ ለመሙላት 16 ሜትር ኩብ የሚጭን ሲኖ ቢያንስ 13 ጊዜ ይመላለሳል፤ ሲጠቀጠቅ ስለሚቀንስ እንዲያውም ከዚያ በላይ። ጭማሪው በድርሻችሁ ልክ ይከፈል፤ ያላዋጣ ሰው ድርሻው በዚያው ልክ ይቀንስ። ቁፋሮውን ከሰኔ በፊት ጨርሱ።

ጥያቄ፦ አከፋፈሉስ?

መልስ፦ ቅድመ ክፍያ ከ20 በመቶ አይለፍ፤ ከየክፍያው እየተቀነሰ ይመለስ። ከየክፍያው 5 በመቶ ይያዝ፣ ግማሹ በርክክብ፣ ግማሹ ከዓመት በኋላ ይለቀቅ። የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 3039 ሠሪው ለ10 ዓመት ለግንባታው ጥንካሬ እንዲዋስ ያደርገዋል፤ ሸሪክ መሆኑ ይህን እንደማያስቀር በግልጽ አስፍሩ።

ጥያቄ፦ ማኅበር እናቋቁም ወይስ ውል ይበቃል?

መልስ፦ ለአንድ ቤት ውል ይበቃል። ሕንፃ እየደጋገማችሁ የምትሠሩ ከሆነ በንግድ ሕጉ (አዋጅ 1243/2013) መሠረት ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ይሻላል፤ ቦታውም በማኅበሩ ስም ይሆናል። የእሽሙር ማኅበር (ሳይመዘገብ በሸሪኮቹ መካከል ብቻ የሚቆም ሽርክና) የሕግ ሰውነት ስለሌለው ካርታ በስሙ አይወጣም።

ጥያቄ፦ ሚስቶቻችንም መፈረም አለባቸው?

መልስ፦ አዎ፣ ሁለቱም። የጋራ ንብረት ነው፤ አንዷ ሳትፈርም ብትቀር ውሉ ኋላ ሊፈርስ ይችላል። የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በመሆኑ በጽሑፍ ሆኖ በፍርድ ቤት ወይም በሰነድ አረጋጋጭ ፊት ይፈረም (ቁጥር 1723)፤ ምስክሮችም ከሁለት አይነሱ። ከሸሪኮቹ አንዱ ቢሞት ወራሾቹ ድርሻውን በገለልተኛ ገማች ዋጋ ለቀሪው እንዲሸጡ ወይም እንዲቀጥሉ ምርጫው አሁኑኑ ይጻፍ፤ ለመልሱም 60 ቀን በቂ ነው።