ጥያቄና መልስ፦ እግሬ እያመመኝ መሮጤ ተጋድሎ ነው ወይስ ኃጢአት?

ጥያቄ፦

መምህር፣ እግዚአብሔር ጤናዎን ይስጥልኝ። የ37 ዓመት ሴትና የሁለት ልጆች እናት ነኝ፤ የምተዳደረው በሒሳብ ሠራተኛነት ነው። ከሦስት ዓመት በፊት የደም ግፊት ጀማምሮኝ ሐኪም እንቅስቃሴ እንዳደርግ ስለመከረኝ መሮጥ ጀመርሁ። ግፊቱ ተስተካከለ፤ ሩጫውንም ወደድሁት። አሁን በሳምንት አምስት ቀን ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ተነሥቼ እሮጣለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ከጓደኞቼ ጋር ወደ ሰንዳፋ መንገድ ወጥተን ረጅሙን እንሮጣለን፤ በዚህ ምክንያት ካስቀደስሁ ወራት አልፈዋል። ለኅዳሩ ታላቁ ሩጫም ተመዝግቤአለሁ። ሆኖም ከመስከረም ጀምሮ ቀኝ ቅልጥሜን ያመኛል። ሐኪሙ አጥንቱ ላይ ስስ ስንጥቅ አለ፣ ስድስት ሳምንት አትሩጪ ብሎኛል። እኔ ግን ጸበል እየጠጣሁና እየተቀባሁ መሮጤን አላቆምሁም። ቅዱስ ጳውሎስ «ሥጋዬን እየጎሰምሁ አስገዛዋለሁ» ብሏል፣ አባታችን ተክለ ሃይማኖትም እግራቸው እስኪሰበር ቆመው ጸልየዋል እያልሁ ራሴን አበረታታለሁ። የጽጌን ጾም እስከ 9 ሰዓት ስለምጾም በሥራ ላይ ያዞረኛል። ባለቤቴ «ሩጫው ሁለተኛ ባልሽ ሆነ» አለኝ፤ እናቴ ደግሞ ሐኪሙን ትተሽ ጸበል ግቢ ትለኛለች። ሩጫዬ ኃጢአት ነው? ወይስ እግሬ ያልዳነው እምነቴ አንሶ ነው?

መልስ፦

እኅቴ፣ ከመጨረሻው ጥያቄሽ ልጀምር፤ ከሁሉ ይልቅ ልብሽን የሚያደማው እርሱ ይመስለኛልና። እግርሽ ያልዳነው እምነትሽ አንሶ አይደለም። ያልዳነው ስላላረፈ ነው። አጥንት በሩጫ ሲመታ በዓይን የማይታይ ጉዳት ይደርስበታል፤ ያን ጉዳት የሚጠግነውና ከቀድሞው አጠንክሮ የሚሠራው ደግሞ በዕረፍት ጊዜ ነው። ሠሪው ግድግዳውን ሳይጨርስ በየማለዳው የሚያፈርስ ሰው ካለ ቤቱ አይቆምም። ይህን የሚጠግን ኃይል በሥጋሽ ውስጥ ያኖረው ፈጣሪ ነው። ስለዚህ ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ሲልሽ ለፈጣሪ ሥራ ጊዜ ስጪው ማለቱ ነው።

ሩጫ በራሱ ኃጢአት አይደለም፤ ይህን በግልጽ ልንገርሽ፤ አንዳንድ ወንድሞች ስፖርትን ሁሉ ዓለማዊ ከንቱነት አድርገው ሲያስተምሩ እሰማለሁና። ማለዳ ለኪዳን ጸሎት ስሄድ ሯጮች ያጋጥሙኛል። ከእነርሱ መካከል አንድ ጎልማሳ አለ፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በር ሲደርስ የእጅ ሰዓቱን ተጭኖ ያቆመዋል፣ ኮፍያውን ያወልቃል፣ አማትቦ ደጁን ይሳለማል፣ ከዚያ ሰዓቱን ዳግመኛ ተጭኖ መንገዱን ይቀጥላል። ላቡ በደጁ ድንጋይ ላይ ሲንጠባጠብ አይቻለሁ። ያ ላብ በእግዚአብሔር ፊት የሚያሳፍር አይደለም። ለጥምቀት ታቦታቱ የሚያድሩበት ጃን ሜዳ የአገር አቋራጭ ሯጮችም ሲወዳደሩበት የኖረ ሜዳ ነው። መሠረት ደፋር እ.ኤ.አ. በ2012 በለንደን ኦሊምፒክ 5 ሺህ ሜትር አሸንፋ የእመቤታችንን ሥዕል ከደረቷ አውጥታ ስታሳይ ያላለቀሰ ምእመን ጥቂት ነው። አንቺም የጀመርሽው ለጤናሽ ነው፤ ግፊትሽ መስተካከሉ የእግዚአብሔር ቸርነት ስለሆነ አመስግኚበት።

ቅዱስ ጳውሎስን ግን ከቦታው አንሥተሽ ወስደሽዋል። ያን ቃል የጻፈው ለቆሮንቶስ ሰዎች ነው። በከተማቸው አጠገብ በየሁለት ዓመቱ የኢስትሚያ ውድድር ይደረግ ነበርና ሯጭ ምን እንደሚመስል ያውቃሉ፤ ለአሸናፊው የሚደፋለት የቅጠል አክሊል በስንት ቀን እንደሚጠወልግም አይተዋል። ሐዋርያው «እነዚያም የሚጠፋውን አክሊል እኛ ግን የማይጠፋውን» ያለው ለዚህ ነው። ሥጋውን የጎሰመው ለማይጠፋው ሲል ነው። አንቺ ግን ቃሉን ገልብጠሽ ለሚጠፋው ሜዳልያ ሥጋሽን ትጎስሚበታለሽ። ደግሞም ልብ በዪ፣ «አስገዛዋለሁ» አለ እንጂ «እሰብረዋለሁ» አላለም። በዚያው መልእክት ሦስት ምዕራፍ ቀደም ብሎ ሥጋችሁ የመንፈስ ቅዱስ ቤተ መቅደስ እንደሆነ አታውቁምን ብሎ የጠየቀ እርሱ ነው።

ስለ አባታችን ተክለ ሃይማኖት የጻፍሽውን ሳነብ ደነገጥሁ፤ ከየዋህነትሽ የመጣ መሆኑንም ተረዳሁ። ጥር 24 ስባረ ዐጽማቸውን የምናከብርላቸው ጻድቅ የቆሙት ለጸሎት ነው፤ ስለ እኛ ስለ ሁላችን ሲያለቅሱ ነው እግራቸው የተሰበረው። ዘመናቸውን ሁሉ ለዚያ ለይተው፣ ጸጋው ተሰጥቷቸው የፈጸሙት ተጋድሎ ነው። መነኮሳት እንኳ እንዲህ ያለ ተጋድሎ ያለ አበ ምኔታቸው ቡራኬ አይጀምሩም፤ ከአቅም በላይ የሆነ ትጋት ራሱ ፈተና እንደሚሆን ያውቃሉና። አንቺ ለማን ብለሽ ነው የምትሰብሪው? ማንስ ባረከልሽ? ሁለት ልጆች አሉሽ፤ ማታ ገበታ የምታቀርቢላቸው፣ ትምህርት ቤት የምታደርሻቸው በዚያው እግር ነው።

ምሳሌ ከፈለግሽ ሯጩን ነቢይ ልስጥሽ። በመጽሐፈ ነገሥት ቀዳማዊ ምዕራፍ 18 መጨረሻ ላይ ኤልያስ ወገቡን ታጥቆ በንጉሥ አክዓብ ሠረገላ ፊት ከቀርሜሎስ እስከ ኢይዝራኤል ሮጠ። ከሃያ ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ነው። ሰማይ ዘግቶ የከፈተ፣ እሳት ያወረደ ሰው ነው። ወዲያው በሚቀጥለው ምዕራፍ ምን እናነባለን? ያው ኤልያስ በምድረ በዳ ከክትክታ ዛፍ ሥር ወድቆ ሞቱን ይለምናል። አብዝቶ የሮጠ ሰው ይህን ቦታ በደንብ ያውቀዋል ብዬ አስባለሁ፤ ጉልበቱ አልቆ ተስፋውም አብሮት የሚያልቅበት ቦታ ነው።

እግዚአብሔር ታዲያ ምን አደረገለት? አልገሠጸውም። እምነትህ የት አለ አላለውም። አስተኛው። መልአኩ ዳስሶ ሲቀሰቅሰው በራስጌው የተጋገረ እንጎቻና በማሰሮ ውኃ ነበር። በላ፣ ጠጣ፣ ተመልሶም ተኛ። መልአኩ ሁለተኛ መጥቶ «የምትሄድበት መንገድ ሩቅ ነውና ተነሥተህ ብላ» አለው። «ኤልያስ ሆይ፥ በዚህ ምን ታደርጋለህ?» የሚለው የአምላክ ጥያቄ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ነቢዩ አርባ ቀን ተጉዞ ኮሬብ ሲደርስ ነው። ሁለት ጊዜ ተኝቶ፣ ሁለት ጊዜ በልቶ ነው ለጥያቄው የበቃው። ለእኔ ይህ ምዕራፍ በመጽሐፍ ቅዱስ ካሉት ሁሉ ርኅሩኅ ከሆኑት አንዱ ነው፤ ደክሞት ለመጣ ሰው ሁሉ አነብለታለሁ።

ዕረፍት የስንፍና ስም አይደለም፤ ሥርዓት ነው። ቤተ ክርስቲያናችንን ተመልከቻት። 55 ቀን ዐቢይ ጾምን ታስጾመናለች፤ ከትንሣኤ በኋላ ባሉት 50 ቀናት ግን ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም፣ አይሰገድም። በቅዳሜና በእሑድም ስግደት የለም። አንድ ሰው ቀናሁ ብሎ በእሑድ ቢሰግድ ብርታት ሆኖ አይቆጠርለትም፤ ሥርዓቱን መተላለፍ ነው። መድከሙም ማረፉም በአባቶች የተወሰነ ነው። አንቺ ለሩጫሽ መድከሙን ብቻ ወሰንሽለት፤ ማረፉን ሐኪም ሲወስንልሽ እምቢ አልሽ።

ታላላቆቹም ከዚህ አላመለጡም። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ እ.ኤ.አ. በ2010 በኒው ዮርክ ማራቶን ጉልበቱ አሞት አቋርጦ ወጣ። በዚያው ዕለት ሩጫ አቆምሁ አለ፤ ከቀናት በኋላ ግን ሐሳቡን ለውጦ ተመለሰ። አቋርጦ መውጣቱ ኃይሌነቱን አልቀነሰበትም።

አሁን ወደ ጸበሉ እንምጣ። እናትሽ ጸበል ግቢ ማለታቸው መልካም ነው፤ ሐኪሙን ተዪ ማለታቸው ግን ልክ አይደለም። በአክብሮት ንገሪያቸው፤ መጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38 ባለመድኃኒትን አክብር፣ እርሱንም እግዚአብሔር ፈጥሮታል ይላል። ጸበልም ሕክምናም ከአንድ አምላክ የሚመጡ ናቸው። ይልቅ የሚያሳስበኝ አንቺ በጸበሉ ያደረግሽው ነው። ጌታችንን ዲያብሎስ ከመቅደስ ጫፍ ራስህን ወደ ታች ወርውር ሲለው የጠቀሰው ቃል ስለ እግር ነበር፤ «እግርህንም በድንጋይ ከቶ እንዳትሰናከል በእጃቸው ያነሡሃል» የሚል። ጌታም «ጌታን አምላክህን አትፈታተነው» ብሎ መለሰለት። ማታ በጸበል አሽተሽ ንጋት ላይ በዚያው እግር አስፋልት መምታት ከዚህ አይለይም። ጸበሉን በእምነት ተቀቢ፤ ከተቀባሽ በኋላ ግን ተኚ።

ስለ ጾሙ ጥቂት ልበል። ጾመ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 የሚጾም የፈቃድ ጾም ነው፤ ከሰባቱ የዐዋጅ አጽዋማት አይቆጠርም። ስለ እመቤታችን ስደት ብለሽ መጾምሽ በረከት ነው፤ ብታሻሽዪው ወይም ብትተዪው ግን ዕዳ የለብሽም። ግዴታው ረቡዕና ዓርብ ነው፣ ኅዳር 15 የሚገባው የነቢያት ጾምም ነው። እነዚህን እስከ ስንት ሰዓት እንደምትጾሚ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፤ ፍትሐ ነገሥቱም ስለ ጾም በሚናገርበት በአንቀጽ 15 ለታመመ ሰው ይራራል። ስትድኚና ወደ ሩጫሽ ስትመለሺ ደግሞ የዕረፍት ቀኖችሽን ረቡዕና ዓርብ አድርጊያቸው። በሌሎቹ የጾም ቀናት በባዶ ሆድ ከሌሊት ከመሮጥ ጾምሽን ከፈታሽ በኋላ አመሻሽ ላይ ብትሮጪ ይሻላል። ምስሩን፣ ሽሮውን፣ ጎመኑን፣ ተልባውን አትንፈጊ፤ ለጾም የተፈቀደ ምግብ በቂ ሆኖ ካልተበላ ጾሙ ረኀብ ብቻ ይሆናል። ስግደቱንም አጥንትሽ እስኪጠግን በሌላ እንዲለውጡልሽ ንስሐ አባትሽን ጠይቂ።

ባለቤትሽ ያለው ነገር ሸካራ ቢሆንም አትናቂው፤ ናፍቆትም አለበት። ነገር ግን ለእርሱም የምለው አለኝ፣ ይህን አንብቢለት። ወንድሜ፣ ሚስትህ ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል የምትነሣው ቀኑ ሁሉ የሌላ ሰው ስለሆነ ነው። ማታ ልጆቹን አስተኝታ፣ ለነገ ምሳ ዕቃቸውን አዘጋጅታ፣ ዕቃ አጥባ የምትተኛ ሴት ለራሷ የቀራት ያ ሌሊት ብቻ ነው። ሐኪሙ ስድስት ሳምንት ትረፍ ሲል ከሩጫ ብቻ አይደለም። ቀኑን ሙሉ በዚያ እግር ከምድጃ ወደ ገበታ የምትመላለስ ከሆነ አላረፈችም። በእነዚህ ስድስት ሳምንታት ልጆቹን ትምህርት ቤት የምታደርሰው አንተ ብትሆን፣ ማታም ዕቃውን ብታነሣ፣ ያ ለቤትህ ዲቁና ነው። በቤታችን ውስጥ የሴት ድካም እንደ አየር ሆኖ የማይታይ መሆኑ ብዙ ጊዜ ያሳዝነኛል።

እሑድን ለመጨረሻ ያቆየሁት ቀላል ስለሆነ አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ አላባብልሽም፤ ወራት ያለ ቅዳሴ መቆየትሽ ጉዳት ነው፣ ከአጥንትሽ ስንጥቅ ይልቅ የሚያስፈራኝ ይህኛው ነው። አጥንት ያማል፣ ሰው ያውቀዋል። ከቅዳሴ መራቅ ግን ሳያም ይለመዳል። ጓደኞችሽን አትለያቸው፤ መልካም ማኅበር ይመስሉኛል። ስትድኚ ረጅሙን ሩጫ ወደ ቅዳሜ ከሰዓት እናዙረው ብለሽ ጠይቂያቸው፤ ከመካከላቸው ይህን ሲመኝ ኖሮ ለመናገር ያፈረ ሰው ታገኛለሽ። እምቢ ቢሉ ቅዳሜ ብቻሽን ሮጠሽ በሌላው ቀን ተገናኚያቸው።

ለአሁኑ ግን ጥያቄው ራሱ የለም። መሮጥ አትችዪምና እሑድሽ ባዶ ነው። ታላቁ ሩጫ በየዓመቱ አለ፤ የዘንድሮው ይቅርብሽ፣ በዕለቱ ልጆችሽን ይዘሽ ጓደኞችሽን በመንገድ ዳር ቆመሽ አበረታቺ ብዬ ልጽፍ ነበር፤ እርሱም እሑድ ጠዋት ነው። መጀመሪያ አስቀድሺ፤ ብዙዎቹ ቅዳሴው ሲያልቅ ገና ላባቸውን እየጠረጉ ይሆናሉና ደውለሽ እንኳን ደስ ያላችሁ በያቸው።

በመጪው እሑድ ባለቤትሽንና ልጆችሽን ይዘሽ ሂጂ። ለረጅም ሰዓት መቆም ለእግርሽ አይበጅም፤ መቋሚያ ተደገፊ፣ ሲያምሽም ሳታፍሪ ግድግዳውን ተጠግተሽ ተቀመጪ። የሚያዩሽ ሴቶች ምን ይሉኛል አትበዪ። ቅዳሴያችን የሚቀመጡ እንዳሉ ያውቃል፤ ዲያቆኑ «እለ ትነብሩ ተንሥኡ»፣ የተቀመጣችሁ ተነሡ፣ ብሎ የሚያውጀው ለእነርሱ ነው። ያን ጊዜ ከቻልሽ ልጅሽ እጅሽን ይዞ ያንሣሽ። ካልቻልሽ በተቀመጥሽበት ራስሽን ዝቅ አድርጊ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።