ጓሮ ያሳደግኋቸውን የሥጋ ዶሮዎች ራሴ ባርድ ኃጢአት ይሆንብኛል?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ መምህር። የምኖረው ቢሾፍቱ ነው። ባለቤቴ ሹፌር ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ መንገድ ላይ ነው። ጓሮአችን ባዶውን ከሚቀመጥ ብዬ የአንድ ቀን ጫጩት ገዝቼ የሥጋ ዶሮ ማሳደግ ጀምሬአለሁ። ጥቂቱን ለፋሲካ ለቤት፣ የቀረውን ለጎረቤት ልሸጥ ነው ሐሳቤ። ወንድ ቤት በሌለበት ጊዜ እኔ ራሴ ባርድ ኃጢአት ነው? በጾም ወቅት ማረድስ ይቻላል? ታመው የሚሞቱትን ምን ላድርግ? አማቴ ደግሞ መጀመሪያ አንድ ገብስማ ዶሮ ታርዶ ደሙ ደጃፍ ላይ ካልፈሰሰ ሥራው አይባረክም ይላሉ። ሙስሊም ጎረቤቶቼም ሽጭልን ብለውኛል። እባክዎ ይምከሩኝ።

መልስ፦ እኅቴ፣ እግዚአብሔር የእጅሽን ሥራ ይባርክ። ጠይቀሽ መጀመርሽ ደስ ብሎኛል።

በየሰፈሩ የምናውቀው ነገር አለ። ዶሮ ሊታረድ ሲል ወንድ ይፈለጋል። ቤት ውስጥ ወንድ ከሌለ እናት ዶሮዋንና ቢላዋን ይዛ በር ላይ ትቆማለች፤ የሚያልፈውን ልጅ «የኔ ልጅ፣ እባክህ ይችን ባርክልኝ» ትላለች። ይህ የኖረ ልማድ ነው፤ አልንቀውም። በመጽሐፍ ቅዱስ ግን ሴት እንስሳ አትረድ የሚል ትእዛዝ የለም። ስለዚህ ልማዱን ትእዛዝ አድርገሽ በፍርሃት አትያዢው። የሚያርድልሽ ወንድ ካለ እሱ ይረድ፤ ቤተሰቡም ጎረቤቱም ቅር አይለውም። ሰው ከጠፋና አንቺ የሥላሴን ስም ጠርተሽ ብታርጂ ሥጋው አይረክስም፣ አንቺም አትረክሺም። ሥጋውን የሚገዙሽ ሰዎች በዚህ ልባቸው የሚታወክ ከሆነ ግን ስለ እነሱ ስትይ ወንድ ቅጠሪ። ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ መልእክቱ ስለ መብል ሲጽፍ የደከመ ሕሊና ያለውን ወንድም እንዳናሰናክል አጥብቆ የመከረው ለዚህ ነው። ከነፍስ አባትሽም ጋር ተነጋገሪበት።

ለእኔ ከዚህ የሚበልጠው ጉዳይ ሌላ ነው። ብዙዎቻችን ዶሮ ላይ ሃይማኖት የሚጀምረው ቢላዋ ሲነሣ ይመስለናል። ፊትን ወደ ምሥራቅ ማዞር፣ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ» ማለት፣ ከዚያ አንገቷን መቁረጥ። ይህ ትክክል ነው፤ እንዳይቀር። ግን የሥጋ ዶሮ ከመታረዷ በፊት ስድስትና ሰባት ሳምንት በእጅሽ ኖራለች። ያን ሁሉ ጊዜ አሠቃይተን መጨረሻ ላይ የሥላሴን ስም ብንጠራ ስሙ የጭካኔያችን መሸፈኛ አይሆንም። ጠቢቡ «ጻድቅ ሰው ለእንስሳው ነፍስ ይራራል» ይላል፣ ምሳሌ 12፥10። ነፍስ ነው ያለው። በሰንበት ሕግ ውስጥ እንኳ ከቤተሰቡ ጋር ከብቱም እንዲያርፍ ታዟል።

ስለዚህ ርኅራኄሽ ከጫጩቶቹ ይጀምር። የአንድ ቀን ጫጩት በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ትፈልጋለች፤ ከዚያ በየሳምንቱ ቀስ እያልሽ ትቀንሺላታለሽ። ተጠጋግተው ከተከመሩ በርዷቸዋል፤ ከሙቀቱ ርቀው አፋቸውን ከፍተው ካለከለኩ ሞቋቸዋል። ከሰል የምትጠቀሚ ከሆነ አደራ፣ ቤቱን ጠርቅመሽ አትዝጊ። ጭሱ እነሱንም አንቺንም ይገድላል። ሲያድጉ በአንድ ካሬ ሜትር ከ10 ገደማ በላይ አታጨናንቂ። ሰጋቱራው ወይም ጭዱ ደረቅ ይሁን። ጎንበስ ብለሽ ስትገቢ ሽታው ዓይንሽን ካቃጠለሽ እነሱ ቀኑን ሙሉ ያንን ነው የሚተነፍሱት።

እነዚህ ዶሮዎች ፈጥነው እንዲወፍሩ የተዳቀሉ ናቸው። እግራቸውና ልባቸው ክብደታቸውን መሸከም የሚያቅታቸው ጊዜ አለ። «ትንሽ ትወፍር» እያሉ ጊዜዋ ካለፈ በኋላ ማቆየት ለእሷም ሥቃይ ነው፤ ለአንቺም የመኖ ኪሳራ ነው።

በሚታረዱበት ቀንም እንዲሁ። ሊታረዱ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ያህል ሲቀራቸው መኖ አንሺላቸው፤ ውኃ ግን አትከልክያቸው። ቢላዋው በደንብ ይሳል። በደነዘዘ ቢላ አንገት መገዝገዝ ኃጢአት ነው ብል አላጋነንኩም። አንዷ በሌሎቹ ፊት አትታረድ። አንዳንዱ አንገቷን ቆርጦ ግቢ ውስጥ ይወረውራታል፤ ልጆች ስትንፈራገጥ እያዩ ይስቃሉ። ይህ ከቤትሽ ይጥፋ። ታቹና አፉ የተቆረጠ ጀሪካን ዘቅዝቀሽ ግድግዳ ላይ ብትሰቅዪ፣ ዶሮዋን በጭንቅላቷ በኩል ስታስገቢያት ክንፏ ይያዛል፤ ሳትሰበርና ሳትቆሽሽ ደሟ በደንብ ይወርዳል። ፈጽማ ሳትሞት የፈላ ውኃ ውስጥ እንዳትነክሪያት፤ ለመግደፍ ብሎ የሚቸኩል ሰው ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

ደሙን አንበላም። በዘፍጥረት 9 ለኖኅ ሥጋ ሲፈቀድለት ደም ተከልክሏል። ሐዋርያትም በኢየሩሳሌም ጉባኤ ከአሕዛብ ለመጡ ምእመናን ይህንኑ አጸኑ፤ ለጣዖት ከተሠዋ፣ ከደም፣ ከታነቀ፣ ከዝሙት ራቁ አሉ፣ ሐዋርያት ሥራ 15፥29። በዘሌዋውያን 17፥13 ደግሞ የሚበላ እንስሳ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን አፍስሶ በአፈር እንዲሸፍነው ታዟል። አንቺም ጉድጓድ ቆፍረሽ እዚያ አፍስሺና አፈር መልሺበት። ለንጽሕናም ይጠቅማል፣ ውሻም አይጎትተውም።

አሁን ወደ አማትሽ ነገር ልምጣ። ይህን በቀላሉ አላልፈውም። የአንቺ ዶሮዎች ነጫጭ ናቸው፤ እሳቸው ግን ገብስማ ይፈለግ ብለዋል። ለምን ቀለም ተመረጠ? የሚበላ ሥጋ ከሆነ ገብስማው ከነጩ በምን ይበልጣል? ቀለም የሚመርጠው ውቃቢ ነው፣ ዛር ነው፣ አድባር ነው የሚባለው። በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ቀዩን፣ ነጩን፣ ገብስማውን ፍለጋ ገበያ የሚንከራተት ክርስቲያን አለ። ዶሮ በራስ ላይ ያዞራል፣ ደም መቃን ላይ ይቀባል፣ ላባውን መንታ መንገድ ላይ ይጥላል። በማግስቱም ነጠላውን አጣፍቶ ቤተ ክርስቲያን ይሳለማል። ሐዋርያው «የጌታን ጽዋና የአጋንንትን ጽዋ ልትጠጡ አትችሉም» ያለው ለእንደዚህ ያለው ነው፣ 1ኛ ቆሮንቶስ 10፥21። ስለ እኛ የፈሰሰው የክርስቶስ ደም ነው። ከዚያ በኋላ ቤታችንን የሚጠብቅልን የዶሮ ደም አንፈልግም።

አማትሽን ግን አታዋርጃቸው። እሳቸውም ከእናታቸው የተቀበሉት ነው፤ ለቤትሽ ክፉ አስበው አይደለም። «እማዬ፣ በረከቱን እኔም እፈልገዋለሁ» በያቸው። ካህን ጥሪና ጸሎት ይደረግ፣ ቤቱም የዶሮ ቤቱም ጠበል ይረጭ። እሳቸው ራሳቸው ቡናውን አፍልተው ካህኑን ያስተናግዱ። የለመዱትን ነገር ከእጃቸው ነጥቀሽ ባዶ ከምትተዪአቸው ይሄ ይሻላል። ከዚህ በኋላም ደሙ ይፍሰስ ካሉ እሺ እንዳትዪ።

ስለ ጾሙ፣ ጾም የሚከለክለው መብላትን ነው። የፋሲካ ዶሮ ቅዳሜ ይታረዳል፤ እናቶች ሳይቀምሱ ሌሊቱን ሲሠሩ ያድራሉ፤ ከቅዳሴ በኋላ ይበላል። ማረዱ ጾም አያስፈታም። ዓርብ ስቅለት ግን የስግደት ቀን ነው፤ ቢላዋሽ ይረፍ። ከሁሉም የሚሻለው ቀኑን አስቀድሞ መቁጠር ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጫጩት በጾሙ ሁለተኛ ሳምንት ብታስገቢ ለፋሲካ ልክ ይደርስልሻል። ለገና ከሆነ ደግሞ ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ጫጩቶቹም ቢገቡ ጥሩ ነው።

የሞተችው በክት ናት። አትበላም፣ አትሸጥም። ወንዝ ወይም መንገድ ዳር አትጣያት፤ በጥልቅ ቅበሪያት። ፈንግል ከሆነ የሰፈሩን ዶሮ ሁሉ ይጨርሳል። በሽታው ከመድረሱ በፊት ክትባት አስከትቢ። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገና ያልሞተችው ናት። ዶሮዋ ማንቀላፋት ስትጀምር «ሳትሞትብኝ ልረዳት» ተብሎ በስመ አብ ይባልና ለሰው ትሸጣለች። ስሙን ጠርቶ ባልንጀራን ማታለል ነው ይሄ። መድኃኒት የወሰደችም እንዲሁ ናት። መድኃኒቱ ከሰውነቷ እስኪወጣ የሚጠበቅ ቀን አለ፤ የእንስሳት ሐኪሙን ጠይቂና ቀኑ ሳይሞላ አትረጂ፣ አትሽጪም። ለልጅሽ የማትሰጪውን ሥጋ ለጎረቤት ልጅ አትስጪ።

ሙስሊም ጎረቤቶችሽ አንቺ ያረድሽውን አይበሉም፤ እኛም እነሱ ያረዱትን አንበላም። ሁለቱም ወገን ይህን ያውቃል፣ በዚህም ተከባብሮ ኖሯል። ስለዚህ ለእነሱ በሕይወት ሽጪላቸው፤ እንደ ሥርዓታቸው ራሳቸው ይረዱ። ሚዛኑም ዋጋውም ለክርስቲያኑ ከምትሸጪበት ጋር አንድ ይሁን።