መልስ፦ «የጎሎቭልዮቭ ቤተሰብ» ግማሹ ላይ ለምን ያስቆማል?

ይህን የሩሲያዊውን ደራሲ የሳልቲኮቭ ሽቸድሪንን ልቦለድ ግማሹ ላይ እንዳቆሙት ጽፈውልኛል፤ ያቆሙት በየምዕራፉ ሰው ከመሞቱ በቀር ታሪኩ ወዴት እንደሚሄድ ስላልታየዎት ከሆነ፣ ከማን ሞተ ይልቅ የሟቹ ንብረት ለማን አለፈ የሚለውን እየተከተሉ ያንብቡ፤ የልቦለዱ ሴራ ያለው ውርሱ ላይ ነውና።

እናቲቱ አሪና ፔትሮቭና ዕድሜዋን ሙሉ ያካበተችውን ርስት፣ የሩሲያ ገባሮች እ.ኤ.አ. በ1861 ነፃ ከወጡ በኋላ ለልጆቿ ታከፋፍላለች፤ ከዚያ ወዲህ ወራሾቹ በመጠጥና በብቸኝነት አንድ በአንድ ያልቃሉ። ሳልቲኮቭ ሽቸድሪን በዚህ አንድ ቤት አማካይነት የሚተቸው፣ በሰው ጉልበት ኖሮ ሥራ ያልለመደውን የባለርስት መደብ በሙሉ ነው። የመጨረሻዎቹ ጥቂት መስመሮች እንኳ ስለሚቀጥለው ወራሽ ናቸው።

የአሪና ልጅ የፖርፊሪ ወሬ አሰልቺ ነው ላሉት ደግሞ፣ ወንድሙ ፓቬል ሞቶ እናቱ ከሟቹ ርስት ከዱብሮቪኖ የምትወጣበትን ትዕይንት መልሰው ይዩት፤ እናቱን እያቆላመጠ፣ እግዚአብሔርን እየጠራ፣ የምትሄድበት ሠረገላ የማን እንደሆነ ያነሣባታል። ይህ በእኔ እምነት የመጽሐፉ ጥቁር ስላቅ እጅግ የበረታበት ቦታ ነው።

አንድ ነገር ልምከርዎ፦ ንግግሮቹን አይዝለሉ። የማውቃቸው አንባቢዎች ገጹን በዓይናቸው እያለፉ መጨረሻው ላይ ሲደርሱ፣ የፖርፊሪ የሕሊና መንቃት ድንገት ከሰማይ የወረደ መስሎ ይታያቸዋል፤ ያ ሁሉ ቃል ለዓመታት ምን ሲሸፍን እንደኖረ አላዩምና።