ሰዓቱን ከመግዛታችሁ በፊት የእናታችሁን ስልክ ጠይቁ

ባለፈው የገና ሰሞን ፒያሳ ያሉ ጎረቤታችን አስጠሩኝ። ከብፌው ላይኛው መደርደሪያ፣ ከሲኒዎቹ ጀርባ፣ ረዘም ያለ ነጭ ካርቶን አወጡ። በነጠላቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አድርገው «ልጄ የላከችልኝ ነው፤ እስቲ አስነሳልኝ» አሉኝ። ውስጡ ፕላስቲኩ እንኳ ያልተላጠ አፕል ዋች የሚባለው ስማርት ሰዓት ነበር። ሳበራው አይፎን አጠገቡ እንዳስጠጋ ጠየቀኝ። የእሳቸው ስልክ ቴክኖ ነው። ያ ሰዓት በዚያ ስልክ ዛሬም ነገም አይነሳም። እኔም 14 ዓመት በሰው አገር ፈረቃ ስሠራ ስለኖርኩ ልጅቷ ለዚያ ካርቶን ስንት ሌሊት እንደቆመችለት አውቃለሁ። ለእናትየው በምን አፌ እንደምነግራቸው ጨነቀኝ።

ስለዚህ በውጭ አገር ያላችሁ እህት ወንድሞቼ፣ ለራሳችሁም ሆነ ለቤተሰብ ስማርት ሰዓት ስትገዙ ከዋጋውና ከመልኩ በፊት ስልኩን ጠይቁ። አፕል ዋች የሚሠራው ከአይፎን ጋር ብቻ ነው። እሱም ከማንኛውም አይፎን ጋር አይደለም፤ ዋችኦኤስ 26 የተባለውን የሰዓቱን ማሠሪያ ፕሮግራም ይዘው የሚመጡት አዲሶቹ ሰዓቶች አይፎን 11ን ወይም ከዚያ ወዲህ የወጣ አይፎን ይፈልጋሉ። ለአባታችሁ ያወረሳችሁት አይፎን 8 አያስነሳቸውም። የሳምሰንግ ጋላክሲ ዋች ደግሞ በፈረንጆቹ 2021 ከወጣው ከቁጥር 4 ጀምሮ ከአይፎን ጋር ተለያይቷል፤ የጉግል ፒክስል ዋችም የሚሠራው ከአንድሮይድ ስልክ ጋር ብቻ ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ወላጆች እጅ የምታዩት ሳምሰንግ፣ ቴክኖ ወይም ኢንፊኒክስ ነው፤ ሁሉም አንድሮይድ ናቸው። ጋላክሲ ዋች ከቴክኖ ጋር ቢገናኝም የልብ ኤሌክትሪክ ምርመራውና የደም ግፊቱ የሚከፈቱት ስልኩም ሳምሰንግ ሲሆን ነው፤ ያም አገልግሎቱ በተፈቀደባቸው አገሮች። ለሁለቱም ዓይነት ስልክ የሚሆኑት ጋርሚን፣ አማዝፊት፣ ሁዋዌና የመሳሰሉት ናቸው። ግን እነዚህን ከአይፎን ጋር የሚያስር ሰው የገባለትን መልእክት ያነባል እንጂ ከሰዓቱ ላይ ሆኖ አይመልስም። እኔ ይህ ብዙም ቅር አይለኝም፤ ቅር የሚለው ሰው ግን አስቀድሞ ይወቀው።

ያገለገለ ሰዓታችሁን ለወንድም ለእህት ሰጥታችሁ የምትመለሱ ደግሞ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። ቦሌ ሳትደርሱ፣ ገና እቤት ሳላችሁ፣ በአይፎናችሁ ላይ ሰዓቱን ከስልኩ አላቅቁት። ሳይላቀቅ የተሰጠ አፕል ዋች በእናንተ አካውንት እንደተቆለፈ ይቀራል፤ አዲሱ ባለቤት የይለፍ ቃላችሁን ይጠየቃል። ስታዲየም አካባቢ ስልክ የሚሠሩ ልጆች ጋ እንዲህ ያለ ሰዓት ይዞ የመጣ ወጣት አይቻለሁ። ሠራተኛው ገና ሲያየው ራሱን ነቀነቀ፤ ልጁም የተሰረቀ ዕቃ የያዘ እንዳይመስልበት ከቦርሳው የወንድሙን ፎቶ አውጥቶ ማሳየት ጀመረ። አንጀቴን በላኝ። ይህ የደረሰበት ካለ መላ አለው፤ እናንተ ባላችሁበት ሆናችሁ አይክላውድ በተባለው የአፕል የኢንተርኔት ገጽ ገብታችሁ ሰዓቱን ከአካውንታችሁ ማውጣት ትችላላችሁ።

ከዚህ ሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ጤና ነው። ብዙዎቻችሁ ሰዓት የምትገዙት እናት ግፊት ስላለባት፣ አባት ስኳር ስላለበት ነው። ፍቅራችሁ ይገባኛል። ነገር ግን የሳምሰንጉ ሰዓት ግፊት የሚለካው መጀመሪያ በእውነተኛ የክንድ መለኪያ ተስተካክሎ ነው፤ ማስተካከሉም በየ28 ቀኑ ይደገማል። መለኪያው ቤት ውስጥ ከሌለ ሰዓቱ ብቻውን ምን ይሠራል? አፕል በፈረንጆቹ 2025 ያመጣው የግፊት ማስጠንቀቂያ ቁጥር አይሰጥም፤ የ30 ቀን መረጃ አይቶ «ግፊት ሊኖርብህ ይችላል» ይላል እንጂ። ግፊት እንዳለባቸው በሐኪም ለተነገራቸው ሰዎችም የታሰበ አይደለም። እናታችሁ መድኃኒት እየወሰዱ ከሆነ ለእሳቸው አልተሠራም ማለት ነው። ማሰሪያው ውስጥ በአየር የሚነፋ ከረጢት ያለው የሁዋዌ ዋች ዲ ይለያል፤ እሱ እንደ ክንድ መለኪያው አጥብቆ ይዞ ይለካል።

የስኳሩ ደግሞ ይባስ አደገኛ ነው። ቆዳ ሳይወጋ ስኳር ይለካል እየተባለ የሚሸጥ ሰዓት ሞልቷል። የአሜሪካው የምግብና የመድኃኒት ባለሥልጣን በየካቲት ወር 2024 በፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ እንዲህ ያለ ሰዓትም ሆነ ቀለበት እንደማይታመን፣ አንዱንም እንዳልፈቀደ በግልጽ አስጠንቅቋል። በዚያ ቁጥር ተመርቶ ኢንሱሊን የወሰደ ሰው ሕይወቱን ሊያጣ ይችላል። እባካችሁ ለአባታችሁ እንዳትልኩ።

ለጎረቤታችን ልጅ ደውዬ የነገርኳትም ይህንኑ ነው። ሰዓቱን አይፎን ያለው የልጅ ልጃቸው አሰረው። ለእሳቸው በላይኛው ክንድ ላይ የሚጠመጠም፣ ቁጥሩ ጎላ ጎላ ብሎ የሚታይ መለኪያ መጣላቸው። አሁን ጠዋት ቡናው ሳይፈላ በፊት ተቀምጠው ይለካሉ፤ ቁጥሩን ደብተር ላይ ጽፈው ለሐኪማቸው ይዘው ይሄዳሉ።

አንድ ነገር እግረ መንገዴን ልጨምር። የሰዓቱ መብራት የልብ ምት የሚያነበው በቆዳ ውስጥ አልፎ ስለሆነ ንቅሳት ያደናቅፈዋል። እናታችሁ ወይም አያታችሁ የእጃቸው አንጓ ላይ የድሮ ንቅሳት ካላቸው በሌላኛው እጃቸው እሰሩላቸው። እንጀራ ሲጋግሩም ያውልቁት፤ ሰዓቱ ውኃ ይችላል ማለት የምጣድ እንፋሎት ይችላል ማለት አይደለም።

ባትሪ ላይ እኔ ጥብቅ ነኝ። አፕል ዋች ብዙውን ጊዜ በየቀኑ ቻርጅ ይፈልጋል፤ ኩባንያው ራሱ ለመደበኛው ሞዴል ለዓመታት የገባው ቃል 18 ሰዓት ነበር። መብራት ሄዶ የሚያድርበት ሰፈር ለሚኖር ሰው ከአንድ ሳምንት በላይ የሚቆይ አማዝፊት ወይም እስከ ሁለት ሳምንት የሚሄድ ሁዋዌ ጂቲ ይሻለዋል። ቻርጀሩም የየራሱ ነው፤ የአንዱ ለሌላው አይሆንም። ስለዚህ ሁለት አድርጋችሁ አምጡ። ጫፉንም እዩት፤ አዳዲሶቹ ገመዶች ጫፋቸው ትንሹ ዩኤስቢ ሲ ነው፣ ካርቶኑ ውስጥ የግድግዳ ሶኬቱ የለም፣ እቤት ያለው የድሮ ስልክ ሶኬት ደግሞ ሰፊውን ነው የሚቀበለው። በ20 ብር ነገር ጠፍቶ የ20 ሺህ ብር ዕቃ ቁጭ ሲል ማየት ያበሳጫል።

ርካሽ ሰዓት የምትገዙ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ቆማችሁ አንድ ሰው በቴሌግራም «ደህና ነሽ ወይ?» ብሎ በአማርኛ እንዲጽፍላችሁ አድርጉ። ብዙዎቹ ፊደላችንን አያውቁትም፤ በመልእክቱ ቦታ ባዶ ሳጥኖች ይደረድራሉ። አማርኛ ብቻ ለሚያነብ ሰው እንዲህ ያለ ሰዓት ከተራ ሰዓት አይሻልም።

ለራሳችሁ ስትገዙ ደግሞ ኑሯችሁን ተመልከቱ። ከስልክ ተለይቶ በራሱ ሲም የሚደውለውን ሞዴል ለማግኘት ተጨማሪ ብር የምትከፍሉ ከሆነ፣ ያ አገልግሎት የተያያዘው እዚያው ውጭ አገር ካለው የስልክ ኩባንያችሁ ጋር ነው። አዲስ አበባ ስትገቡም ይሠራል ብላችሁ አትቁጠሩ። እዚህ ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ስለሚሆን ብሉቱዙ ይበቃል። ሯጭ ከሆናችሁ ጋርሚን ያዙ፤ በጂፒኤስ ርቀት እየለካ ለረጅም ሰዓት ይሄዳል፣ ለታላቁ ሩጫ 10 ኪሎ ሜትርም ሆነ ለእንጦጦ ዳገት ያስተማምናል። ለእርምጃ ብቻ ከሆነ ግን ቀላሉ የእጅ ባንድ ይበቃል። መንገዱ ከተሠራ ወዲህ ከአራት ኪሎ እስከ ዓድዋ መታሰቢያ በእግር መሄድ ራሱ ደስ ይላል።

ስትመጡ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሰዓቱ የሚያሳያችሁ ቁጥር እንዳያስደነግጣችሁ። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አየሩ ስስ ነው። ዋሽንግተን ወይም ዱባይ 98 የነበረው የደም ኦክስጅን እዚህ ጥቂት ዝቅ ይላል፣ ልብም ደረጃ ስትወጡ ፈጠን ይላል። መስቀል አደባባይ ደረጃዎቹ ላይ በደረሳችሁ ማግስት አትሩጡ፤ ለሰውነታችሁ ጥቂት ቀን ስጡት። ትንፋሽ ካጠራችሁ ወይም ደረታችሁን ካመማችሁ ግን ቁጥሩን ሳትጠብቁ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

በመጨረሻ፣ እኔ ውጭ ሳለሁ ባውቀው ኖሮ የምለው ነገር። የሰዓቱ የዓለም ሰዓት ዝርዝር ውስጥ ቶኪዮን ጨምሩና በ12 ሰዓት አቆጣጠር አድርጉት። ቶኪዮ ከአዲስ አበባ 6 ሰዓት ትቀድማለች፣ በጋና ክረምት እያለችም ሰዓቷን አትቀይርም። ስለዚህ እዚያ የምታዩት ቁጥር ምንጊዜም የኛው ሰዓት አቆጣጠር ነው። ቶኪዮ አንድ ሰዓት ሲል አዲስ አበባም አንድ ሰዓት ነው፤ ሰሌዳው ጠዋት ይሁን ማታ አይነግራችሁም እንጂ። ስንት ጊዜ በስሌት ተሳስቼ እናቴን ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ቀስቅሻታለሁ፤ ስልኩን የምታነሳውም «ምን ሆንክ?» እያለች ነበር።