የድሮ የአስቤስቶስ ጣሪያ ስለማፍረስ

ወንድሜ፣ ደብረ ብርሃን ያለው የድሮ መጋዘን ሊፈርስ መሆኑን ጽፈህ፣ የአስቤስቶስ ክዳኑ በመዶሻ እየተሰበረ ቢወርድ ችግር አለው ወይ፣ ማስክስ ይበቃል ወይ ብለሃል። ፎርማን ሆኜ በሰሜን ሸዋ እንዲህ ያለ ክዳን አስወርጃለሁ። መዶሻው ይቅር። ማስክ ብቻውንም አያድንም።

ክዳኑ በአብዛኛው ሲሚንቶ ነው። አስቤስቶሱ፣ ማለትም ረቂቅ ክር ያለው ማዕድን፣ ከ10 እስከ 15 ከመቶ ገደማ ቢሆን ነው። ረቂቁ ክር በሲሚንቶው እንደተያዘ ከቆየ ብዙም አይጎዳም። ሲሰበር፣ ሲቆረጥ፣ ሲበሳ ወይም በሽቦ ብሩሽ ሲፋቅ ነው የሚበተነው። ዓይን ስለማያየው "አቧራ የለውም" የሚል ሰው አትስሙ። የደብረ ብርሃንን ንፋስ ደግሞ አንተው ታውቀዋለህ፤ ለጎረቤት ሁሉ ያዳርሰዋል። ንፋሱ ጋብ ሲል ሥሩ።

ክዳኑን ከመንካታችሁ በፊት አርጥቡት። ውሃው ላይ ትንሽ ፈሳሽ ሳሙና ጠብ አድርጉ፣ ጠልቆ እንዲገባ። በኃይል አትርጩ፣ ቀስ ብሎ ይንጠፍጠፍ። ቡሎኑን ፍቱት፤ ዝጎ እምቢ ካለ ቡሎኑ ይቆረጥ፣ ግራይንደር ግን ክዳኑ አጠገብ አይድረስ። አንድ በአንድ፣ ሳይሰበር፣ በእጅ ይውረድ። መወርወር የለም።

ሰው አስቤስቶስ ሲባል ካንሰር ብቻ ነው የሚታየው። እኔን በሥራው ቀን የሚያስጨንቀኝ መውደቅ ነው። ያረጀ ክዳን ሰው አይሸከምም፣ ሲረጥብ ደግሞ ያንሸራትታል። ማንም አይርገጠው፤ ጠንካራ ጣውላና መወጣጫ ይዘጋጅ።

ካንሰሩም ቀልድ አይደለም። ከ20 እስከ 50 ዓመት ቆይቶ ሊመጣ ስለሚችል ዛሬ የሚያስል ሠራተኛ አታዩም። ሲጋራ የሚያጨስ ሰው ለሳንባ ካንሰር ያለው አደጋ ይብሳል። የሐኪም ቤት ማስክም ሆነ አፍንጫ ላይ የተጠመጠመ ነጠላ ክሩን አያግደውም። ኤፍ ኤፍ ፒ 3 (FFP3) የሚባለውን፣ ረቂቅ ብናኝ የሚያጣራውን ማስክ ፈልጉ፤ ፊት ላይ ካልተጣበቀ ግን ዋጋ የለውም፣ ስለዚህ ጢም ያለው ሰው ሌላ ሥራ ይያዝ። የሥራ ልብስ ቤት አይግባ። የባሎቻቸውን ልብስ ሲያጥቡ ኖረው የታመሙ ሴቶች አሉ።

የወረደውን በወፍራም ፕላስቲክ ደርባችሁ ጠቅልሉ፣ የሚቀበርበትን ቦታ ማዘጋጃ ቤቱን ጠይቁ። ስባሪውን በደረቁ አትጥረጉ፣ በእርጥብ ጨርቅ ልቀሙት። "ለዶሮ ቤት ስጡን" የሚል አይጠፋም፣ አትስጡ።

ይህ ሁሉ ለክዳኑ ነው። ውስጥ የቦይለር (የውሃ ማሞቂያ) ቧንቧ ላይ ጥጥ ወይም ጀሶ የሚመስል የተጠመጠመ ነገር ካያችሁ ግን ሥራውን አቁሙ። እሱ በጣት ሲነካ ይፈረፈራል፣ ክሩንም ከክዳኑ በጣም በበለጠ ይለቃል። የሠለጠነ ባለሙያ ሳይመጣ እኔም አልነካውም።