በሚኒሶታ ብርድ የጋራዥ በር ለሚጠግነው ወንድሜ

ወንድሜ፣ ደብዳቤህ ደርሶኛል። ሌሎች አንባቢዎችም እንዲከተሉን መጀመሪያ በአጭሩ ልድገመው።

24 ዓመትህ ነው። ብሩክሊን ፓርክ ከአጎትህ ቤት ትኖራለህ። የጋራዥ በር በሚጠግን ድርጅት ውስጥ ትሠራለህ፤ የሚከፈልህም ከሸጥከው ዕቃ ላይ በኮሚሽን ነው። ባለፈው ጃንዋሪ አንዲት አሮጊት በራቸው አልዘጋ ብሏቸው ጠሩ። ሄደህ ስታይ ሴንሰሩ፣ ማለትም በሩ ሥር ሰው ወይም ዕቃ ካለ በጨረር ለይቶ በሩ እንዳይዘጋ የሚያደርገው መሣሪያ፣ ውርጭ ለብሷል፣ ማቀፊያውም ትንሽ ዞሯል። ጠረግከው፣ አስተካከልከው፣ የመምጫ ክፍያ ብቻ ተቀብለህ ወጣህ። አለቃህ ግን "አዲስ ሞተር መሸጥ ነበረብህ። ዘገምተኛ ነህ፣ ለዚህ ሥራ አትሆንም" አለህ። እናትህ ደግሞ ከደሴ እየደወሉ "የሰው በር ከምትነካካ ነርስ ሁን" ይላሉ። "ጋሼ፣ እውነት አልሆንም? ልተወው?" ብለህ ጠየቅከኝ።

ሥራውን አትተው። ድርጅቱን ተወው።

አላውቅበትም ያልከውን ሥራ እንዴት እንደሠራኸው እስቲ አብረን እንየው። መጀመሪያ መብራቶቹን አየህ። ሊፍትማስተርና ቼምበርሌን በብዙ ቤት የሚገኙ ሞተሮች ናቸው። ሴንሰራቸው በአንዱ ጎን ቢጫ፣ በሌላው ጎን አረንጓዴ መብራት አለው። ቢጫው ላኪው ነው፣ አረንጓዴው ተቀባዩ። አረንጓዴው ከጠፋ ወይም ብልጭ ድርግም ካለ ጨረሩ በትክክል እየደረሰው አይደለም። ቀጥለህ ግድግዳው ላይ ያለውን ቁልፍ ተጭነህ ያዝክ፤ በሩ እስከ ታች ወርዶ ተዘጋ። በሪሞት እምቢ ያለ በር ቁልፉ ተጭኖ ሲያዝ ከተዘጋ፣ ሞተሩ አቅም አለው። የሚፈተሸው ሴንሰሩና ሽቦው ነው። ይህን በዓይኑ ካየ በኋላ ለአሮጊቷ አዲስ ሞተር የሚሸጥ ሰው እያወቀ ዋሽቷል። እኔ ለዚህ ሌላ ስም የለኝም።

ብርድ ደግሞ ይህን ሥራ ከባድ ያደርገዋል፤ ያንተ ችሎታ ዋጋ የሚያወጣውም እዚህ ላይ ነው። በረዶ የተሸከመ መኪና ጋራዥ ሲገባ በረዶው ይቀልጣል። እርጥበቱ ሴንሰሩ መስታወት ላይ ያርፍና ሌሊት ውርጭ ይሆናል። ሴንሰሩ ከወለሉ ከ15 ሳንቲሜትር በላይ ከፍ እንዲል ስለማይፈቀድ፣ በረዶ እንዲቀልጥ መንገድ ላይ ተበትኖ ከጎማ የሚራገፈው ጨው በቀጥታ ያገኘዋል። የሽቦው መጋጠሚያ ይዝጋል። መሬቱ በብርድ ሲያብጥ ወለሉ ይነሳል፣ ማቀፊያው ይዞራል፤ አንዳንዴም አካፋ ይመታዋል። ፀሐይም አለች። በበረዶው ወራት ዝቅ ብላ ስለምትሄድ ብርሃኗ በቀጥታ ተቀባዩ ላይ ሊያርፍ ይችላል። ያኔ በሩ በቀን ውስጥ በአንድ የተወሰነ ሰዓት ብቻ አልዘጋ ይላል፣ ቀሪውን ሰዓት ደህና ይሠራል። እንዲህ ያለውን ብልሽት ዕቃ በመቀየር አታገኘውም። ባለቤቱን "ስንት ሰዓት ላይ ነው እምቢ የሚለው?" ብለህ ጠይቀህ ነው የምታገኘው። መፍትሔውም የላኪውንና የተቀባዩን ቦታ ማቀያየር ወይም ተቀባዩን ከብርሃን መከለል ሊሆን ይችላል።

ሴንሰሩ በሌላው ጥፋት የሚወቀስበትም ጊዜ አለ። የበሩ የታችኛው ጎማ ከወለሉ ጋር ይጣበቃል፣ ግራሶው ይጠጥራል፣ በሩ አልነሳ ይላል። ሴንሰር በር እንዳይዘጋ ይከለክላል እንጂ እንዳይከፈት አይከለክልም። አልከፈት ያለ በር ይዞ ሴንሰር የሚቀይር ቴክኒሽያን የደንበኛውን ገንዘብ በከንቱ አስወጣ። አንተ ይህን ልዩነት በአንድ የበረዶ ወቅት ብቻ ለይተህ ጽፈህልኛል። ዘገምተኛ የተባልከው ስለምታስብ ነው።

እኔ ሴንት ፖል ውስጥ የሕንጻ ጥገና ረዳት ሆኜ ነው የጀመርኩት። ያስተማረኝ ሽማግሌ የብልሽቱን ምክንያት በአፌ ካልነገርኩት መለዋወጫ ከመኪናው አያወጣልኝም ነበር። በኋላ ላይሰንስ ያወጣሁትም፣ ቤት የገዛሁትም በዚያ ልማድ ነው። ስለዚህ አለቃህ የነቀፈብህን ነገር እኔ እንደ ነውር ላየው አልችልም።

አንድ ያገራችን ሰው በሩ ያለ ከልካይ እንዲዘጋለት ሁለቱን ሴንሰሮች ጣሪያው ሥር ፊት ለፊት አስረህ እንድትተውለት ጠይቆህ እምቢ ብለሃል። አጎትህም "ምን አገባህ?" አሉህ። ያገባሃል። አሜሪካ ከጃንዋሪ 1 ቀን 1993 ወዲህ የሚመረቱ የመኖሪያ ቤት የጋራዥ ሞተሮች ሰው እንዳይጨፈልቁ ተጨማሪ መከላከያ እንዲኖራቸው በሕግ ያስገደደችው፣ ሕጻናት በር ሥር ተይዘው ስለሞቱ ነው። ያ ሰው ልጆች እንዳሉት ራስህ ጽፈሃል። ደንበኛው ቢቀርብህ ይቅር።

አሁን ወደ እናትህ። ነርስነት ትልቅ ሙያ ነው፣ ለሚወደው። አንተ ግን ደም ስታይ ራስህን ያዞርሃል፤ ኬሚስትሪም ሁለት ጊዜ ጀምረህ አቋርጠሃል። እናትህ የሚያፍሩት ሥራህን ስላላዩት ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስትደውል "በር እጠግናለሁ" ብቻ ብለህ አትለፍ። ከዜሮ በታች በሆነ ብርድ የአሮጊቷን በር እንዴት እንደዘጋህላቸው ንገራቸው። ባይገባቸውም ኑሮህን የምትኖረው አንተ ነህ። እሳቸውን ማክበር ማለት የማትችለውን ትምህርት ለሦስተኛ ጊዜ መጀመር አይደለም።

ገንዘቡንም በግልጽ ልንገርህ። ለእናትህ መድኃኒት የምትልከው አይነካ። ለወንድምህ ሠርግ ግን ተበድረህ ልትልክ እንደሆነ ጽፈሃል። አትበደር። ሠርጉ አንድ ቀን ነው፤ ዕዳው ግን ኮሚሽን የሚከፍልህ አለቃ ሥር ያስቀምጥሃል። መልቀቅ ያልቻልክበት ትልቁ ምክንያት ይኸው ነው።

የሚኒሶታ የሠራተኛና ኢንዱስትሪ መሥሪያ ቤት "ፓወር ሊሚትድ ቴክኒሽያን" የሚባል ላይሰንስ ይሰጣል። ዝቅተኛ ቮልቴጅ ላላቸው ሥራዎች ነው፤ የእሳት ማስጠንቀቂያ፣ የደኅንነት ካሜራ፣ የኔትወርክ ሽቦና የመሳሰሉትን ይይዛል። የ36 ወር ልምድና ፈተና ይጠይቃል። ሴንሰር ላይ የለመድከው አፈላለግ እዚያ በቀጥታ ይጠቅምሃል። ቀን እየሠራህ ማታ መማር ካሰብክ ሄኔፒን ቴክኒካል ኮሌጅ ሄደህ ለዚህ ሥራ የሚሆን ትምህርት እንዳለ ጠይቅ፤ ለሰፈርህ ቅርብ ነው።

እንግሊዝኛህ ይበቃል፤ ደብዳቤህ ውስጥ የጠቀስከው የደንበኛ ንግግር በደንብ ገብቶሃል። ለእጅህ ደግሞ ከሥር ቀጭን ጓንት አድርግ፣ ብሎን ስትፈታ የላይኛውን ብቻ አውልቅ። የበሩን ክብደት የሚሸከመውን ስፕሪንግ ግን ብቻህን እንዳትነካ፤ የተወጠረ ስፕሪንግ ሰው ይገድላል።

በዚህ ሳምንት ለአራት ወይም ለአምስት ድርጅቶች ደውል። የጋራዥ በር ድርጅቶች ብቻ አይሁኑ፤ የእሳት ማስጠንቀቂያና የካሜራ ድርጅቶችንም ጨምር። ሁለት ነገር ጠይቅ፦ ክፍያው በሰዓት ነው ወይስ በኮሚሽን? የምሠራው ጊዜ ለላይሰንሱ ልምድ ይቆጠርልኛል? ሁለቱንም በጽሑፍ የሚመልስልህ ካገኘህ፣ ለአሁኑ አለቃህ የሁለት ሳምንት ማስታወቂያ ስጥ። ሬዙሜህን ላክልኝና ለድርጅቶቹ ከመላክህ በፊት አየዋለሁ።